የቅርጫት ኳስ ገምጋሚ ኮሚቴያችን

በዚህ ዓለም ኳስ የሚጫወት ሞልቷል፤ ኳስ የሚያይም ሞልቷል። ኳስን ቁጭ ብሎ፣ አጀንዳ አስይዞ፣ ጠንካራ ጎኑንና ደካማ ጎኑን ለይቶ የሚገመግም ሰው ግን እግዚአብሔር መርጦ የሚፈጥረው ነው። እነዚህ ምርጦች በአሜሪካ ምድር የት ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ በፈረንጆች ሁለት ሺህ አምስት ሚኒያፖሊስ፣ ሲዋርድ ሰፈር፣ ቲጂ ምግብ ቤት ውስጥ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ነበሩ። እኔ ኪዳኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ፤ ስለዚህ የምነግራችሁ ሁሉ የታመነ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ግቢ ነው። የታክሲ ሥራ ግማሹ መንዳት፣ ግማሹ መጠበቅ ነው፤ በመጠበቂያው ሰዓት የአገር ቤት ፖለቲካ፣ የኢንሹራንስ ነገርና የሰው ትዳር ይታያል። አንድ ቀን ጎንፋ የሚባል፣ ከከተማው ዳር ብሩክሊን ሴንተር የሚኖር ሰው፣ ቁመተ ረጅም የነቀምት ልጅ፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ዝምተኛ፣ መሪው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ብቻውን ሲስቅ ተገኘ። ሰው ብቻውን ሲስቅ ዝም አይባልምና ከበን ጠየቅነው። በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ስም በጣቱ አሳየን። ልጁ ጊፍቲ ከወንዙ ማዶ ባለው ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ትጫወታለች፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ ቡድኑ ደግሞ የገጠመውን ሁሉ እየረታ ለሊጉ ዋንጫ ከሚጠበቁት አንዱ ሆኗል። ጎንፋ ይህን ሁሉ እስከዚያን ቀን ለማንም ትንፍሽ አላለም ነበር።

በዚህ ከሁላችንም በላይ ያዘኑት አቶ ሳህሉ ናቸው። አቶ ሳህሉ በአገር ቤት የቀበሌ ሊቀመንበር ነበሩ፤ አሜሪካ ታክሲ ብትሰጣቸውም ሊቀመንበርነቱን አልቀማቻቸውም። ቡድኑ አሠልጣኝ አለው፣ ሐኪም አለው፣ አውቶቡስ አለው፣ ጥሩንባ የሚነፉ ልጆች እንኳ አሉት ተብሎ ሲነገራቸው በትዕግሥት አዳመጡና ኮሚቴስ አለው ወይ ብለው ጠየቁ። ጎንፋ እስከሚያውቀው ድረስ እንደሌለው ተናገረ። አቶ ሳህሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያለ ኮሚቴ የተገኘ ድል ያለ አባት እንደተወለደ ልጅ መሆኑን አስረድተው፣ ሳምንት ሳይሞላ አባት ሆኑለት።

የቴክኒክ ጉዳዮች ኃላፊ ሆኖ የተመረጠው አለልኝ ነው። አለልኝ በአገር ቤት የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ የተጫወተው መረብ ኳስ ነው፤ ነገር ግን ኳስ ኳስ ነው፣ መረብም በሁለቱም ውስጥ አለ ተብሎ ታለፈ። ጎንፋ የወላጆች ተወካይ ተባለ። የቀረነው የታክሲ ሰዎች አባላት ሆንን፤ ያለ አባል ሊቀመንበር አይኖርምና።

የመጀመሪያው ግምገማ እስከ ዛሬ በዓይኔ ላይ አለ። አለልኝ ብድግ ብሎ ቡድኑ ማሸነፉ በጠንካራ ጎን መያዙን ከገለጸ በኋላ፣ ወደ ደካማ ጎኖቹ ተሻገረ። ኳስን መሬት ለመሬት እየደበደቡ ብቻን መሮጥ የግለኝነት ዝንባሌ ነው አለ። ከሩቅ ሆኖ ባለ ሦስት ነጥብ መወርወር ጀብደኝነት ነው። ሌላው ስቶ የተመለሰውን ኳስ ከቅርጫቱ ሥር ጠብቆ መልቀም ደግሞ ግልጽ አድርባይነት ነው። ይህ ሁሉ ከተወገደ ቡድኑ የትም ይደርሳል። በመጨረሻም የጎንፋ ልጅ በአባቷ እንደምናየው ረጅም ስለሆነች ከቅርጫቱ ሥር እንድትቆም፣ ኳስ ይዛ እንዳትሮጥ ሐሳብ አቀረበ።

ጎንፋ እጁን አነሳ። "ጊፍቲ እኮ እናቷን ነው የወጣችው፤ አጭር..."

"አስተያየት በልዩ ልዩ ላይ" አሉ አቶ ሳህሉ። ልዩ ልዩ ማለት የአጀንዳው መጨረሻ ላይ ያለ፣ እስካሁን ማንም ደርሶበት የማያውቅ ቦታ ነው። የአለልኝ ሐሳብ በጭብጨባ ጸደቀ፤ ቡድኑ ግን ሳያውቀው ቀረና በግለኝነቱ፣ በጀብደኝነቱና በአድርባይነቱ ማሸነፉን ቀጠለ።

አሁን ስለ ሰዓቱ ልናገር። ያልተገላበጠ ያራል እንዲሉ፣ ነገር የሚገላበጠው በትኩሱ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ጨዋታው በሚካሄድበት ቀን፣ በዚያው ሰዓት እንዲሆን ሊቀመንበሩ ወሰኑ። ቴሌቪዥኑ ውይይት ስለሚያውክ በስብሰባ ጊዜ ይጠፋል። የጠፋ ቴሌቪዥንም ቢሆን ሐሳብ ይሰርቃልና አባላት ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቀመጣሉ። ወደ ቴሌቪዥኑ ፊታችንን የምናዞረው ሁለት ብቻ ነን፤ ሊቀመንበሩና አጠገባቸው የምቀመጠው እኔ። እሳቸውም ሲናገሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው።

የቤቱ ባለቤት ቲጂ ለግምገማ የተፈጠረች ሴት አልነበረችም። አንድ ሐሙስ ማታ ሽሮአችንን አስቀምጣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ጋሽ ሳህሉ፣ ጨዋታው እኮ አሁን በቲቪ አለ። ለምን አታዩትም?"

"ቲጂዬ፣ ማየትማ ማንም ያያል" አሏት በርኅራኄ። "ያየ ሰው በስሜት ይወሰዳል። ያላየ ሰው ነው ሚዛናዊ የሚሆነው።"

ቲጂ ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ብላ ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች። አነጋገሩ ስለ ገዳማት ስለመሰለን ማንም አልተቀየመም።

ሥራችን እንዲህ እየሰመረ ሳለ አንድ ከባድ የዲሲፕሊን ችግር ተከሰተ። የወላጆች ተወካዩ ጎንፋ ከስብሰባ መቅረት አበዛ። ሁለት ጊዜ ታገስነው፤ ከዚያ በኋላ ሒስና ግለሒስ እንዲያደርግ ተጠራ። መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ሐኪም ቤት ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጠ።

"አቶ ጎንፋ፣" አሉ አቶ ሳህሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በተደጋጋሚ አልተገኙም። የት ነበሩ?"

"ጨዋታው ጋ ነበርኩ።"

"የምን ጨዋታ?"

"የልጆቹ ነዋ። እናንተ የምትገመግሙት።"

አለልኝ በድንጋጤ ውኃ ጠጣ።

"ማለት፣ እኛ እዚህ ስለ ቡድኑ ስንደክም፣ እርስዎ እዚያ ተቀምጠው ቡድኑን ያያሉ።"

"አዎ።"

"ጸሐፊ፣ ማመናቸው ይያዝልኝ" አሉ አቶ ሳህሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኮፍያውን አንስቶ ይወጣ ነበር። ጎንፋ ግን ይሉኝታ የሚገዛው ሰው ነው፤ ታላቅ ሰው ሲናገር አቋርጦ ከመነሳት ነፍሱ ብትወጣ ይመርጣል። ስለዚህ ተነስቶ ራሱን ወቀሰ። የገዛ ልጁን ከኮሚቴው እንዳስበለጠ፣ ሥራ በዝቶበት ሳለ ሺፍት እየቀየረ ጨዋታ ማየቱ ልክ እንዳልነበር፣ ከእንግዲህ አንድም ስብሰባ እንደማይቀር ቃል ገባ። በጣም ጥሩ ግለሒስ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አሳዘነኝ፤ ነገር ግን ለማዘን የተያዘ አጀንዳ አልነበረም።

ቃሉን በሰጠ በሳምንቱ መከራው መጣበት። በዚህ አገር ኮሌጆች አንድ ወግ አለ። የመጨረሻ ዓመት ተጫዋቾች በሜዳቸው የመጨረሻውን ጨዋታ ሲጫወቱ፣ ከጨዋታው በፊት ስማቸው አንድ በአንድ ይጠራል፤ ወላጆቻቸው ክንዳቸውን ይዘው ከሕዝቡ ፊት ወደ ሜዳው መካከል ይሸኟቸዋል። የጊፍቲ ተራ እሑድ ከሰዓት ሆነ። በዚያው ቀን ቡድኑ ካሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። እናቷ ፈነት ደግሞ የጊፍቲን አያት ልታስታምም ነቀምት ሄዳለች። የሚሸኛት ጎንፋ ብቻ ነው። ኮሚቴውም በዚያው እሑድ፣ በዚያው ሰዓት፣ "የቡድኑ የዋንጫ ዕድል" በሚል ርዕስ የዓመቱን ታላቅ ግምገማ ጠርቷል።

እሑድ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ይጥል ነበር። ጎንፋ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ቀይ ከረባት አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ መጣ። በስልክ ከመቅረት በአካል ቀርቦ መቅረት ይሻላል ብሎ ፈቃድ ሊጠይቅ ነው። ቆሞ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ጉዳዩን አስረዳ። ልጄ ብቻዋን ትወጣለች አለ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

አቶ ሳህሉ በጥሞና ሰሙት። "ጥያቄዎ ተገቢ ነው" አሉ። "ስለዚህ በችኮላ የሚታይ አይደለም። በልዩ ልዩ ይያዝልን።"

ጎንፋ ተቀመጠ።

ያለፈው ስብሰባ ተገመገመ። ወቅታዊ ሁኔታዎች ተዳሰሱ። አቶ ሳህሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ስፖርት በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ከአደን ዘመን ጀምሮ ያለውን ስፍራ ማስረዳት ጀመሩ። ገና ቀስት ላይ ሳሉ የጎንፋ ስልክ ጮኸ። በጠረጴዛው ሥር ከፈተው። ከፊት ለፊቴ ስለተቀመጠ የልጅቷ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

"ዳድ፣ ዌር አር ዩ? ስም መጥራት ሊጀምሩ ነው።"

እየመጣሁ ነው አላት በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ፤ ስልኩን ዘጋ፤ ከመቀመጫውም አልተነቃነቀም። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። አቶ ሳህሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ስልክ በስብሰባ ላይ የተከለከለ መሆኑን አሳስበው ከቀስት ወደ ጦር ተሻገሩ። ጎንፋ አንዴ በሩን ያያል፣ አንዴ አቶ ሳህሉን ያያል። እግሩ ሄዷል፤ ወገቡ እምቢ ብሏል።

ይህን ጊዜ ቲጂ ጨርቅ ይዛ መጣችና ንጹሑን ጠረጴዛ መጥረግ ጀመረች። ጠርጋ ጠርጋ ወደ መስኮቱ ተመለከተች።

"ጋሽ ጎንፋ" አለች ረጋ ብላ፣ "ስኖው ኢመርጀንሲ ታውጇል መሰለኝ። ያቺን ታክሲህን ቶው ሊያደርጓት ነው።" በከተማችን በረዶ ሲበዛ ይህ አዋጅ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ቆሞ የተገኘ መኪና እየተጎተተ ይወሰዳል።

አቶ ሳህሉ ጦሩን መሃል ላይ ጥለው ዓይናቸውን ገለጡ። ጠረጴዛው በሙሉ ተነሳ። አንዱ የጎንፋን ካፖርት አቀበለው፤ አለልኝ ጎማው በረዶ ይዞት እንደሆነ ሊገፋለት ተዘጋጀ። እኔ ጸሐፊ ነኝና የፈቃዱ ጉዳይ ገና በልዩ ልዩ ላይ መሆኑን አስታወስኩ።

"ለመኪና ፈቃድ አያስፈልግም" አሉ አቶ ሳህሉ። "ሂድ እንጂ ሰውዬ፣ ምን ትጠብቃለህ?"

ጎንፋ ቲጂን አየት አደረጋትና እንደ ልጅ ሮጠ። ሌሎቹም መኪኖቻቸውን ለማዳን በሩ ላይ ሲጋፉ፣ የሚጎተተው የጎንፋ ብቻ እንደሆነ ቲጂ አረጋገጠችላቸው። አባላት እፎይ ብለው፣ ለወንድማቸው እያዘኑ፣ ወደየመቀመጫቸው ተመለሱ።

አቶ ሳህሉ ዓይናቸውን እንደገና ሲጨፍኑ ቲጂ ቴሌቪዥኑን ያለ ድምፅ ከፈተችው። አባላቱ ጀርባቸውን ሰጥተውታል። እኔ ግን አየሁ። ረጃጅም ልጆች ከእናትና ከአባታቸው ጋር አበባ ይዘው በተራ ይወጣሉ። በመጨረሻ አንዲት አጭር ልጅ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ወደ መግቢያው ዞራ ብቻዋን ቆማለች። አሠልጣኟ መጥታ ትከሻዋን ያዘችና የሆነ ነገር ነገረቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ አልወጣም ያለች ይመስላል። ኮሌጁ ሩቅ አልነበረምና ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ጎንፋ ገባ። ትከሻው ላይ በረዶ አለ፣ ከረባቱ ወደ ጀርባው ዞሯል። የሚያብረቀርቀው የእንጨት ወለል ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎንበስ አለና ጫማውን አወለቀ። ያን ንጹሕ ወለል በበረዶ ጫማ ሊያበላሸው አልፈለገም። በካልሲው፣ በሙሉ ሱፉ፣ የልጁን ክንድ ይዞ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ ሜዳው መካከል ደረሰ። ልጅቷ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ እሱም እንደዚያው። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ። ቲጂ በጠረጴዛው ጨርቅ ፊቷን ስትጠርግ አየኋት። ያየሁት ነገር በአጀንዳው ውስጥ ስላልተካተተ ለማንም አልተናገርኩም።

ስብሰባው ቀጠለ። አለልኝ የመጨረሻውን ትንታኔ አቀረበ፤ አባላት ሐሳብ ሰጡበት፤ አቶ ሳህሉ አጠቃለሉት። ቡድኑ ጠንካራ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የግለኝነት ዝንባሌው ሥር የሰደደ፣ የወላጆች ዲሲፕሊን የላላ፣ ከኮሚቴው ጋር ያለው ግንኙነትም የተቋረጠ ስለሆነ ዘንድሮ ዋንጫ ያገኛል ተብሎ አይጠበቅም። እጅ ተቆጠረ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ይህ የሆነው መስኮቱ ሥር ሆነው እንጀራ ሲበሉ የቆዩ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች ብድግ ብለው ከመጮኻቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።

"ምን ሆኑ እነዚህ ልጆች?" አሉ አቶ ሳህሉ።

"አሸነፉ" አለች ቲጂ። "ዋንጫውን ወሰዱ።"

"እነማን?"

"እናንተ የምትገመግሟቸው።"

ትንሽ ሰው በዚህ ይደናገጥ ነበር። አቶ ሳህሉ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያም ድሉ የግምገማው ውጤት መሆኑን አስረዱን። አታሸንፉም ባንላቸው ኖሮ እልህ አይዛቸውም ነበር፤ እልህ ባይዛቸው ኖሮ አያሸንፉም ነበር። እንዴት ሳናስበው ቀረን ብለን እርስ በርስ ተያየን። ጎንፋም በማግስቱ ኤርፖርት ሲገኝ ለምን እንዳልተመለሰ የጠየቀው የለም። መኪናዋ ደህና ናት ወይ ብለን ጠየቅነው፤ ደህና ናት አለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልን።

ኮሚቴው ለጊፍቲ ያሰበው የምስጋና ግብዣ ጾሙ ተፈትቶ ሥጋ እስኪበላ ተጠበቀና በግንቦት ወር ተደረገ። ለጀግናዋ ካባ ከአዲስ አበባ አሰፍተን አስመጥተናል፤ ልኩን የሰጠው አለልኝ ነው። ጎንፋ ሁለት ልጆች አስከትሎ መጣ። አንደኛዋ ጊፍቲ ናት፤ ቁመቷ ከአባቷ ክንድ ብዙ አያልፍም። ሁለተኛዋ የወንድሙ ልጅ ኢብሲቱ ናት፤ ነርሲንግ የምትማር፣ ቅዳሜና እሑድ አረጋውያን ቤት የምትሠራ፣ በሕይወቷ ኳስ ነክታ የማታውቅ፣ እንደ ባሕር ዛፍ የተመዘዘች ልጅ። ምግብ አለ ስለተባለች ነው የመጣችው።

አቶ ሳህሉ ገና ከበሩ ሲያዩአቸው ካባውን ዘርግተው ተነሱ። ጀግናን በቁመቷ መለየት ለእሳቸው ቀላል ነው። ቀጥ ብለው ሄደው ኢብሲቱን አለበሷት። ካባው ልክክ አለ። ልኩ ልክክ ማለቱም የአለልኝን ትንታኔ አረጋገጠ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ልጅቷን በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ ጸሐፊ ግን የተባለውን ይይዛል እንጂ ሐሳብ አይሰጥም።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ነርሲንግ ነው የምማረው" አለች ኢብሲቱ።

"ትምህርትም ስፖርትም" አሉ አቶ ሳህሉ፤ ጭብጨባው ባሰ። ከዚያ ወደ ጊፍቲ ጎንበስ አሉ። "አንቺስ የኔ ልጅ፣ ስፖርት ትሞክሪያለሽ?"

"ትንሽ ሞክሬ ነበር" አለች ጊፍቲ።

"ቁመት ነው የከለከለሽ። አይዞሽ፣ ደጋፊም ያስፈልጋል።"

ጎንፋ እጁን አነሳ። በልዩ ልዩ ላይ ተባለ። ጊፍቲ የአባቷን እጅ ይዛ አወረደችው፤ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ በጆሮዋም ለኢብሲቱ አንድ ነገር ሹክ አለቻት። ኢብሲቱ ካባዋን አስተካክላ ወደ መድረኩ ወጣች። አባቷ በብሩክሊን ሴንተር የእድር ሊቀመንበር ነው፤ ስብሰባ ሲበተን ሳታይ ያደገች ልጅ ናት። የቡድናችን ጠንካራ ጎን አንድነት ነው አለች። ደካማ ጎናችን ደግሞ አንድነታችንን አለማጠናከራችን ነው። በቀጣይ ይህን አጠናክረን ከቀጠልን የማንሻገረው የለም። ካባዋን ሰብስባ ወረደች።

እንዲህ ያለ የበሰለ ግምገማ ከዚያ በፊት አልሰማንም። አለልኝ ራሱ ምክትሌ ትሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ አቶ ሳህሉ ደገፉት፤ አንድም ጨዋታ ሳታይ በሙሉ ድምፅ የኮሚቴው አባል ሆነች። ለመሆኑ ከእኛ ማን ነበር ከዚህ የተሻለ ብቃት ይዞ የገባው?

ጎንፋ ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ አየ። ከዚያ ተነሳ።

"ይቅርታ" አለ ከወትሮው ጠንከር ባለ ድምፅ። "መኪናዬን ቶው ሊያደርጉብኝ ነው። በረዶው..."

አቶ ሳህሉ ንግግራቸውን አቋርጠው በድንጋጤ እጃቸውን አወናጨፉ። "ለመኪና ፈቃድ አያስፈልግም። ፍጠን!"

ጎንፋ የጊፍቲን ክንድ ያዘና ወጣ። ቲጂ በሩን ከፍታ ያዘችላቸው፤ የግንቦት ፀሐይ እስከ ጠረጴዛችን ድረስ ገባ፤ ውጭ ያሉት ልጆች በቁምጣ ብስክሌት ይነዱ ነበር። አንዱ አባል በሩን ዝጉት፣ ብርዱ ገባ አለ። ዘጋነውና፣ የሚቀጥለውን ዓመት የዋንጫ ዕድል ለመገምገም ካባ ወደ ለበሰችው አዲሷ አባላችን ዞርን።